እውነት ወይስ ተረት? የቡፌው ማንኪያ ከማን ቤት መጣ?

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፣ ቆየት ካሉት ቤቶች በአንዳንዶቹ የማይበላበት ማንኪያ አለ። ከቡፌው መስታወት ጀርባ፣ ከሠርግ ፎቶግራፉና ከሲኒው ረከቦት አጠገብ ይቀመጣል። ስድስት ሹካ፣ አምስት ማንኪያ (አንዱ መቼም ይጠፋል)፣ እጀታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ሁለት ሦስት ቢላ። ለበዓል ይወለወላል፤ ወጥ ግን አይነካም።

ታሪኩም ከዕቃው ጋር ይወረሳል። አንዱ ቤት «ከኩምሳ ሞረዳ ግቢ የወጣ ነው» ይላል። ሌላው «አያታችን ከጃንሆይ እጅ የተቀበሉት» ይላል። ሦስተኛው «ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ» ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ንጹሕ ብር መሆኑ ነው።

ዕቃውን ገልብጦ ጀርባውን ያየ ግን ጥቂት ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ማንኪያቸውን ሲያትሙ የኖሩት በጀርባው ነው፤ እዚያች ጥፍር የማታክል ቦታ ላይ አገሩ፣ ሠሪው፣ የብሩ መጠን፣ አንዳንዴም ዓመቱ ተጽፏል። ቤተሰብ የሚያወራውን ከማመን በፊት እሱን ማንበብ ይቀድማል። ነገሩ የፋብሪካ ጉዳይ ስለሆነ ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

«ማግኔት ካልሳበው ብር ነው»

ተረት። ማግኔት ብርን እንደማይስብ እውነት ነው። ነገር ግን መዳብንም፣ ነሐስንም፣ አልሙኒየምንም አይስብም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አልፓካ የሚባለውን ቅይጥ አይስብም፤ በየቡፌው «ብር» ተብሎ የተቀመጠው አብዛኛው ዕቃ ከውስጥ ይኸው አልፓካ ነው። ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ይሠራል፤ ከመቶው ስልሳ ያህሉ መዳብ ነው። «የጀርመን ብር» የሚሉትም አሉ፤ የብር ቅንጣት ግን የለበትም። ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው። ከላዩ ስስ ብር ሲለበጥ ባለሙያ እንኳ በርቀት አይለየውም።

ልባጡ የራሱ ታሪክ አለው። በ1740ዎቹ ቶማስ ቡልሶቨር የሚባል የሼፊልድ ቢላ ሠሪ ብርንና መዳብን በሙቀት አጣብቆ አንድ ላይ መዳመጥ እንደሚቻል አወቀ። «የሼፊልድ ልባጥ» የሚባለው ያ ነው፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትም እሱን ነው። ወደ አንድ መቶ ዓመት ከሠራ በኋላ በ1840 የበርሚንግሃሙ ጆርጅ ኤልኪንግተን ብርን በኤሌክትሪክ የመለበጥ መብት አስመዘገበ፤ አሮጌው ጥበብም ገበያ አጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፓሪሱ ሻርል ክሪስቶፍል ያንኑ ሥራ በፈረንሳይ የመሥራት መብት ገዛ። ከዚያ ወዲህ የብር ገበታ የመኳንንት ብቻ መሆኑ ቀረ። የባንክ ጸሐፊም፣ ሚስዮናዊም፣ ቡና ነጋዴም ሊገዛው የሚችል ዕቃ ሆነ። ወለጋ የደረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከማንኪያው ጀርባ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ካሉ ነገሩ አልቋል፤ በኤሌክትሪክ ብር የተለበጠ አልፓካ ነው ማለት ነው። በስዊድን ዕቃ ላይ ኤን እና ኤስ፣ ወይም ኤ፣ ኤል፣ ፒ ተጽፎ ይገኛል፤ የኋለኛው የአልፓካ ምሕጻር ነው።

ጽሑፉ ካረጀና ካልተነበበስ? የማንኪያውን ጉድጓድ በጀርባ በኩል እዩት፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው ያ እብጠት ነው። ልባጥ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነውና ቢጫ ወይም ግራጫ ቀለም ብቅ ይላል። ድፍን ብር ቢያልቅም ከሥሩ ያው ብር ነው። በዚህም ካልረካችሁ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ማንኪያውን መዝኑ። ከዚያ ውኃ የያዘ ጆግ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ማንኪያውን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ጆጉን ሳይነካ፣ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። አሁን ሚዛኑ ላይ በሚነበበው ቁጥር የመጀመሪያውን ክብደት አካፍሉ። ውጤቱ ከ10 በላይ ከሆነ ብር ነው፤ 9 ካልሞላ አልፓካ ነው። 63 ግራም የሚመዝን የብር ማንኪያ 6 ግራም ያህል ያሳያል፤ የአልፓካው ከ7 ይበልጣል። እጀታው ባዶ ለሆነ ቢላ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

«90 የሚል ቁጥር አለው፤ ከመቶ ዘጠናው ብር ነው»

ይህ ስህተት በጣም ያስከፍላል፤ በተለይ ገዢን። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ልባጦች ላይ የሚታየው 90 መቶኛ አይደለም። አሥራ ሁለት የገበታ ማንኪያና አሥራ ሁለት ሹካ፣ በድምሩ ሃያ አራት ዕቃ፣ ለመለበጥ የዋለው ብር 90 ግራም ነው ማለት ነው። ለአንዱ አራት ግራም እንኳ አይደርሰውም።

ይህን በእኛው ሚዛን እንየው። አንድ ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ታለር፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833ቱ ብር ስለሆነ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር አለበት። አራት ጠገራ ብር ያላት አሮጊት፣ ባለ 90ውን ሃያ አራት ሹካና ማንኪያ በቡፌ ከደረደረች ጎረቤቷ የበለጠ ብር በእጇ ይዛለች። የጎረቤቷ ሣጥን ግን በቬልቬት የተሸፈነ ነው፤ ሰውም የሚያየው ሣጥኑን ነው።

የድፍን ብር ቁጥሮች ሦስት አሃዝ አላቸው፦ 800፣ 830፣ 925። ከሺህ ስንቱ ብር እንደሆነ ይናገራሉ። 84 የሚል ቁጥር ከገጠማችሁ ደግሞ አትናቁት፤ በድሮ የሩሲያ ሚዛን ከ96ቱ 84ቱ ብር ነው ማለት ሲሆን ወደ 875 ይጠጋል።

«አንበሳ አለበት፤ ዘውድ አለበት፤ ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወለጋን ጨምሮ በመላው አገራችን ብዙ ቤተሰብ የተሳሳተው በዚህ ምልክት ነውና።

ትንሽ አንበሳ በማንኪያ ጀርባ ያየ ኢትዮጵያዊ አእምሮው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሞዓ አንበሳ! ነገር ግን እንግሊዞች ከ1544 ጀምሮ ድፍን ብርን የሚያትሙት በሚራመድ አንበሳ ነው። የፊት ቀኝ እግሩን አንሥቶ ወደ ግራ የሚሄድ፣ ዘውድ የሌለው፣ መስቀልም ሰንደቅም ያልያዘ አንበሳ ነው። የኛው የይሁዳ አንበሳ ዘውድ ደፍቷል፣ በአንድ እግሩ ጫፉ መስቀል የሆነ ዘንግ ይዟል፣ ከዘንጉም ሰንደቅ ይውለበለባል። ሁለቱን ለማምታታት ዓይን ሳይሆን ምኞት ያስፈልጋል።

እዚህ ጋ ግን አስደሳች መገላበጥ አለ። የእንግሊዙ አንበሳ በሕግ የሚታተመው በድፍን ብር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «ከጃንሆይ ነው» የተባለው ማንኪያ ከጃንሆይ ባይሆንም እውነተኛ ብር ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ይወድቅና ዕቃው ይነሣል። አንበሳው ብቻውን ከሆነ ግን ተጠራጠሩ። በእውነተኛ ማኅተም ከአንበሳው ጎን የከተማው ምልክት፣ ዓመቱን የሚናገር አንድ ፊደልና የሠሪው ስም ምሕጻር ይሰለፋሉ። ልባጥ ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ፊደላቸውን በየትንሽ ጋሻው ከፋፍለው፣ ከሩቅ የብር ማኅተም አስመስለው ያትሙ ነበር። አጉሊ መነጽር ያዙ።

ዘውድስ? የሼፊልድ የብር መመርመሪያ ቤት በ1773 ሲቋቋም የከተማው ምልክት ዘውድ ሆነ፤ እስከ 1974ም ቆየ፤ ከዚያ በኋላ በጽጌረዳ ተተካ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የበርሚንግሃም ቤት ደግሞ መልሕቅ ነው የሚያትመው፤ ከተማዋ ባሕር ባይኖራትም። በጀርመን ከ1888 ወዲህ በድፍን ብር ላይ የሚታተመው ግማሽ ጨረቃና ዘውድ ሲሆን ከጎኑ 800 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ይሰፍራል፤ ጨረቃውን አይቶ «የቱርክ ነው» ማለትም እዚሁ ያበቃል። በስዊድን ደግሞ ሦስት ትንንሽ ዘውዶች በሦስት ቅጠል ቅርጽ ውስጥ ይታተማሉ፤ የመንግሥት መርማሪ ብሩን አይቶ አጽድቆታል ማለት ነው። ሦስቱም አገሮች ዘውድ አላቸው፤ አንዱም ከእንጦጦ ወይም ከነቀምቴ ግቢ ጋር አይያያዝም።

ፈረንሳዮች ነገሩን በቅርጽ ነው የለዩት። የሠሪው ማኅተም ገጽታ ባለ አራት ጎን አልማዝ መሳይ ከሆነ ዕቃው ድፍን ብር ነው፤ ካሬ ከሆነ ልባጥ ነው። የፊደሉን ትርጉም ሳያውቅ ሰው በቅርጹ ብቻ ሊፈርድ ይችላል።

የፋብሪካዎቹን እንስሳትና ምልክቶችም ማወቅ ይጠቅማል። ሰጎን ካያችሁ በ1853 በጋይስሊንገን የተጀመረውና ኋላ ደብሊውኤምኤፍ የሆነው የጀርመን ፋብሪካ ነው። ድብ ካያችሁ በ1843 የተቋቋመው የኦስትሪያው በርንዶርፍ ነው። የምትውለበለብ ትንሽ ባንዲራ ካያችሁ ከሼፊልዱ ዎከር ኤንድ ሆል ናት። የኛ ሰው ሰጎንን የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ በሚሰቀለው እንቁላሏ ነው፤ ይህ ሰጎን ግን ከጉልላት ጋር አይዛመድም።

ዓመት የተጻፈበት ዕቃ

«ይኸው 1847 ይላል!» የሚለው ክርክር የሚያስቸግረው በደንብ የሚነበብ ስለሆነ ነው። ዓመቱ እውነት ተጽፏል፤ ዕቃው ግን የዚያ ዓመት አይደለም። «1847 ሮጀርስ ብራዘርስ» የአሜሪካ የልባጥ ማንኪያ የንግድ ስም ነው። በኮኔክቲከት የነበሩት የሮጀርስ ወንድማማች ሥራ በ1862 ወደ ሜሪደን ብሪታኒያ ኩባንያ ከተላለፈ በኋላ፣ ከዚያም በ1898 በተመሠረተው ኢንተርናሽናል ሲልቨር ዘመን፣ ያው 1847 እየታተመ ቀጠለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራውም 1847 ይላል።

ይህን ለማመን ከጠገራ ብሩ የተሻለ ምስክር አያስፈልገንም። ማሪያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 ሞተች፤ በስሟ የሚታተመው ብር ግን ከዚያ ወዲህ ሁሉ 1780 እንዳለ ቀረ። ቪየና አተመው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ መቅረጫውን ከኦስትሪያ አግኝቶ በ1935 ሮም ውስጥ አሳተመ። እንግሊዞች በ1936 ለንደን ላይ ተከተሉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ፣ ከጦርነቱ በኋላ በርሚንግሃም አተሙት። ሁሉም 1780 ይላሉ። የኛ ነጋዴዎች ግን ዓመቱን ትተው ሌላ ያዩ ነበር፤ የንግሥቲቱን ዘውድ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር፤ የትከሻዋን ጌጥ ይመረምሩ ነበር፤ የተፋቀውን አይቀበሉም ነበር። የማንኪያ ሰብሳቢም ከእነሱ ቢማር አያፍርም።

ዓመት ለማወቅ ሌላ ቀላል መንገድ አለ፤ የቢላውን ስለት ማየት። የማይዝግ ብረት የተገኘው በ1913 በሼፊልድ በሃሪ ብሪርሊ እጅ ነው። ስለቱ ዝገት የማያውቅ ከሆነና በእንግሊዝኛ «ስቴይንለስ»፣ በጀርመንኛ «ሮስትፍራይ»፣ በፈረንሳይኛ «ኢኖክስ» ከተባለ፣ ያ ቢላ ከ1913 በፊት ሊኖር አይችልም። ሮስትፍራይ የፋብሪካ ስም ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ አይደለም። ዞሊንገንም የፋብሪካ ስም ሳይሆን የጀርመን ከተማ ናት፤ በርካታ ቢላ ሠሪዎች በአንድ ስም የሚያትሙባት።

«ከኩምሳ ግቢ ነው፤ ብሩም ከወለጋ መሬት ነው»

የሌቃ ነቀምቴ ገዢ ሞረዳ በከሬ ያረፉት በ1889 ነው። ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ 1910ዎቹ ዓ.ም. ድረስ ገዝተዋል። ስለዚህ «ከሞረዳ እጅ» የተባለ ባለ ሮስትፍራይ ቢላ በሒሳብ ብቻ ይወድቃል። «ከኩምሳ» የተባለው ሊሆን ይችላል፤ መቻልና መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

የሌቃ ግቢ የሚመረመር ወረቀት የተረፈለት ግቢ መሆኑ ዕድላችን ነው። ከምኒልክና ከሌሎች ሹማምንት ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ተጠብቀው፣ አለሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታኣ አሰናድተዋቸው በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትመዋል። ስለ ግብር፣ ስለ ወርቅና ስለ ዝሆን ጥርስ ማንበብ የፈለገ ከዚያ ይጀምር። «የግቢው ዕቃ ነው» የሚልም እንዲህ ዓይነት ወረቀት፣ ወይም ቢያንስ ዕቃው ያለበት የዘመኑ ፎቶግራፍ ሊያቀርብ ይገባል።

ብሩ ከወለጋ መሬት ወጣ የሚለውስ? የወለጋ ምድር በወርቅ የታወቀ ነው። ዩብዶ ላይ ደግሞ ከ1920ዎቹ ወዲህ ፕላቲነም ተገኝቷል። ነጭ ማዕድን ከወለጋ ይወጣል ሲባል የሰማ ሰው ብር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ፕላቲነም ግን ከብር ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ የሚቀልጠውም ከ1,760 ዲግሪ በላይ ነው። ብር በ962 ዲግሪ ይቀልጣል። የአንጥረኛ ወናፍና ከሰል ብርና ወርቅ ያቀልጣል፤ ፕላቲነም አያቀልጥም። በወለጋ ለአንባር፣ ለቀለበት፣ ለመስቀል የዋለው ብር በአብዛኛው ጠገራ ብር ቀልጦ የተገኘ ነው። ከቪየና በባሕር፣ ከወደብ በግመልና በበቅሎ፣ ለቡና፣ ለወርቅና ለዝሆን ጥርስ ዋጋ ሆኖ የገባ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በአገሬው አንጥረኛ ከጠገራ ብር የተሠራ ጌጥ ማኅተም ስለሌለው ብቻ «ውሸት ነው» የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ማኅተም የአውሮፓ ሕግ ነው፤ አንጥረኛችን የሚታመነው በስሙ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ እንዲህ ያለ አንባር በሦስት የሼፊልድ ሣጥን አልለውጠውም።

«ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው»

ወለጋ ውስጥ ይህ ታሪክ ለምን ሥር እንደሰደደ ማወቅ አይከብድም። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ በአውሮፕላን ያረፉት የኢጣሊያ መኮንኖች፣ ጄኔራል ማልዮኮና አብራሪው ሎካቴሊ ሳይቀሩ፣ በጥቁር አንበሳ አርበኞች ተገድለዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጄኔራል ጋዜራ ከነሠራዊቱ ደምቢ ዶሎ ላይ ከኮንጎ ለመጣው የቤልጅግ ጦር እጁን ሰጠ። ወረራው በአንዱ የወለጋ ጫፍ በደም ተጀምሮ በሌላው ጫፍ በእጅ መስጠት ሲያበቃ ምርኮ መቅረቱ የታወቀ ነው። ሹካ ሁሉ ምርኮ ነው ማለት ግን አይደለም።

ከጣሊያን በፊትም በኋላም የአውሮፓ ዕቃ ወደ ወለጋ የሚገባበት ሌላ በር ነበር። በ1902ቱ ውል መሠረት እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ላይ ጋምቤላን የንግድ ጣቢያ አድርገው ያዙ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም በኩል እንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ቡና ይወርዳል፣ ጨርቅ፣ ጨውና የፋብሪካ ዕቃ ይወጣል። ከዚያ በበቅሎ ወደ ጎሬ፣ ወደ ሳዮ (ደምቢ ዶሎ)፣ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። በሌላ በኩል የጅቡቲ ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሦስተኛው በር ሚስዮን ነው፤ ሰብሳቢዎች ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጉት እሱን ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ጋር በተያያዘ ሥራ በ1904 ነቀምቴ ገብተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1919 በዶክተር ላምቢ መሪነት ሳዮ ላይ ሥራ ጀመሩ። የጀርመኑ ሄርማንስቡርግ ሚስዮን በ1928 አይራ ላይ ሠፈረ። የሦስት አገር ሰዎች ሦስት ዓይነት ሹካ ይዘው ይመጣሉ። ነቀምቴ ውስጥ ሦስት ዘውድ ያለበት ማንኪያ ብታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት የስዊድንን ሚስዮን ነው። አይራ ላይ ሰጎን ብታዩ ጀርመኖችን አስቡ። ደምቢ ዶሎ ላይ «1847» ብታነቡ ጣሊያንን ተዉትና አሜሪካኖቹን አስቡ። ማኅተሙ ብቻውን ባለቤቱን አያረጋግጥም፤ የት መፈለግ እንዳለብን ግን ይጠቁማል።

«ማንኪያን ያስተማሩን ፈረንጆች ናቸው» የሚለውን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። የወለጋ ኦሮሞ ገንፎውን፣ በቅቤ የተቆላውን ቡናና ጩምቦውን የሚያነሣበት የቀንድ ማንኪያ ፋብሪካ ሳይመጣ የነበረ ነው፤ ፈልኣና ጋፋ ይሉታል። እንደ ብር አፍ አያቃጥልም።

የክሪስታሉ እጀታ

በዋጋ ብዙ የሚያጣላው ይህ ነው። «ክሪስታል» የተባለው እጀታ አራት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የተፈጥሮ ድንጋይ፣ እርሳስ ያለበት ብርጭቆ፣ ተራ በቅርጽ የተጨመቀ ብርጭቆ፣ ወይም ፕላስቲክ። እርሳስ ያለበትን ብርጭቆ በ1674 ያስመዘገበው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት ነው፤ ዛሬ በአውሮፓ «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል ከመቶ 24 እጅ የእርሳስ ኦክሳይድ ያስፈልገዋል። አክሪሊክ የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ገበያ የወጣው ደግሞ በ1930ዎቹ ነው። ከእርሳስ ክሪስታል በእጥፍ ይቀላል፣ ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት አይቀዘቅዝም፣ ጠርዙም በጊዜ ብዛት ይጫጫራል። የተጨመቀውን ብርጭቆ በቅርጽ መጋጠሚያው ላይ በሚቀረው ስስ መስመር ትለዩታላችሁ፤ በእጅ የተቆረጠው ጠርዙ ስል ነው፣ መስመርም የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቢላው ጭራ ከእጀታው ጋር የተያያዘው አብዛኛውን ጊዜ በሙጫ ወይም በቅጥራን መሰል ነገር ነው። «ለንጽሕና» ብሎ በፈላ ውኃ የዘፈዘፈ ሰው ሙጫውን ያቀልጠዋል፤ ስለቱና እጀታው ይለያያሉ፤ ብርጭቆውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለብ ባለ ውኃ ቶሎ ማጠብ፣ ቶሎ ማድረቅ። ሌላ የለም።

አመድና አሸዋስ?

ለድስት ይሁን። ለልባጥ ማንኪያ ግን አመድና አሸዋ ሞረድ ናቸው። የሚጠቁረው ብሩ ነው፤ በአየርና በምግብ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሐድ ነው የሚጠቁረው። እንቁላል የነካው ማንኪያ የሚጠቁረው ለዚህ ነው፤ መርዝ ስለነካ አይደለም። በአመድ በተፈገፈገ ቁጥር ጥቁሩ ብር አብሮ ይሄዳል፤ ልባጡ ደግሞ ከመጀመሪያውም ስስ ነው። «እናቴ በየበዓሉ ስታበራው ኖራለች» የተባለለት ማንኪያ ቢጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የተሻለ መንገድ አለ። አልሙኒየም ፎይል በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አንጥፉ፣ ዕቃውን እንዲነካው አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ሙቅ ውኃና አንድ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ድኙ ከብሩ ወደ አልሙኒየሙ ይሄዳል፤ ብሩ እዚያው ይቀራል። የክሪስታል እጀታ ያለውን ግን አትንከሩት። ሲቀመጥ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሱፍና የጎማ ላስቲክ ድኝ ስላለባቸው ያጠቁሩታል።

«የራሴ ነው፤ ለፈለግሁት እሸጠዋለሁ»

በከፊል እውነት። ተራ የፋብሪካ ማንኪያ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል። የታሪክ ቅርስነት ያለው ዕቃ ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የሚጠበቅ ሲሆን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። የቱ ቅርስ ነው የቱ አይደለም የሚለውን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንጂ ገዢው ወይም ደላላው አይደለም።

ከሽያጩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማቅለጡ ነው። ልባጥ ማንኪያ ቀልጦ ብር አይሆንም፤ አልፓካ ይሆናል፤ የብር ነጋዴም ይመልሰዋል። ድፍኑ ደግሞ ሲቀልጥ ማኅተሙ ይጠፋል፤ ከማኅተሙም ጋር ከየትኛው ሚስዮን፣ በየትኛው መርከብ፣ በማን እጅ ወለጋ እንደገባ የሚነግረን ብቸኛ ምልክት ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡፌውን ክፈቱ። ማንኪያውን ገልብጡና ማኅተሙን በስልካችሁ በጎን ብርሃን ፎቶ አንሡ። ከዚያ ቤት ያሉትን ትልቅ ሰው፣ ኦቦም ይሁኑ አዴ፣ ማን እንደሰጣቸውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደነበር ጠይቃችሁ የሚሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ ከማኅተሙ ጋር ባይስማማም ጻፉት። ፎቶውንና ጽሑፉን ነቀምቴ ላለው የወለጋ ሙዚየም አሳዩ፤ ዕቃው እናንተው ዘንድ ይቆይ።